ያባትህ ጠመንጃ የት ተወለደ?

አንባቢ ሆይ፤ አገርህ ጎጃም ከሆነ፥ ወይም በዚያ በኩል ዘመድ ካለህ፥ አንድ ጥያቄ ብጠይቅህ አትቀየመኝ። በልጅነትህ ከአያትህ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ታየው የነበረው፥ እንዳትነካው ትከለከል የነበረው ያ አሮጌ ጠመንጃ ዕድሜው ስንት ነው? የተሠራውስ በማን አገር ነው? ከተሠራበት አገር ተነሥቶ ዓባይን እስኪሻገርና ከደብረ ማርቆስ፥ ከቢቸና ወይም ከደምበጫ አንድ ጎጆ እስኪደርስ ድረስ በስንት ሰው እጅ አልፏል?

«ውጅግራ ነው፤ ከዐድዋ የመጣ ነው» ትለኝ ይሆናል። መልካም ነው። ብዙ ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ልብ ብለህ ብትመለከተው በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ውጅግራ መሆኑን ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። ከዐድዋ መምጣቱን ግን ብረቱ አያውቀውም፤ ያን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ብረቱ በደኅና ከተቀመጠ ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል። የሚያውቁት ሽማግሌ ግን ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

ስለዚህ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ስለ ጠመንጃው ሦስት ልደት አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው በፋብሪካ የተሠራበት ዓመት ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያ የገባበት ነው። ሦስተኛው እናንተ ቤት የገባበት ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል አምሳና ስድሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ በቤት ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱን አንድ አድርጎ ይጠቀልላቸዋል።

ወደ ብረቱ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገር ላስጠንቅቅህ። ጠመንጃው ጥይት የለውም ብለው ቢነግሩህም አትመን። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ፥ መሣሪያ የሚያውቅ ዘመድ ከፍቶ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ያሳይህ። ሁለተኛው የሕግ ነገር ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል ታውቃለህ። ፈቃዱ ካለ ወረቀቱን ፈልገህ አንብበው፤ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ኋላ ይጠቅምሃል።

ስሙ ምን ይላል

ያገራችን ሰው ጠመንጃን ስም ሲያወጣለት በዘፈቀደ አላወጣም። አብዛኛው ስም ከሠሪው ወይም ከአገሩ ስም የተወሰደ ነው። ሰናድር የተባለው ስናይደር ከሚባለው ከእንግሊዙ ጠመንጃ የመጣ ነው። ረምንግተን የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ነው። ምንሽር የኦስትርያው ማንሊኸር ነው። ለበን የፈረንሳዩ ለቤል ነው። ሞስኮብ ከመስኮብ አገር የመጣው ነው። ቤልጅግ ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ውጅግራ ነው፤ ፈረንሳዮች ጠመንጃን «ፊዚ» ይላሉ፥ የሠራው መኮንን ስሙ ግራ ይባላል፤ «ፊዚ ግራ» ያሉትን ያገራችን ነጋዴና ወታደር በጆሮው እንደ ሰማው «ውጅግራ» አለው። እንግዲህ የሩቅ አገር ሰው ስም በጎጃም ቀረርቶ ውስጥ መቶ ዓመት ሙሉ ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው።

ነገር ግን ስም ብቻውን አይበቃም። በየገጠሩ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ውጅግራ ማለት የተለመደ ነው። አንዱን ውጅግራ ብለው የሚጠሩህ ረምንግተን ሆኖ ታገኘው ይሆናል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ውጅግራ እንደ በር መቀርቀሪያ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሳብ እጀታ አለው። ረምንግተን ግን እንዲህ ያለ እጀታ የለውም፤ ከቃታው በላይ ያለው መምቻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ይሳባል፥ ከዚያም ከፊቱ ያለው የብረት መዝጊያ ወደ ኋላ ይንከባለላል። አንድ ጊዜ ካየኸው አትረሳውም።

ቁጥሩን ስታነብ የሚያሳስትህ

አሁን ወደ መስኮት ቅረብ፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ። ከጎን የመጣ ብርሃን የጠፋ የሚመስለውን ጽሑፍ ያወጣዋል። ቀጭን ወረቀት በጽሑፉ ላይ አድርገህ በእርሳስ ጎን ቀስ ብለህ ብታሸው ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ይህ ከፎቶግራፍ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፤ በሎሚም በአመድም አታጥበው። ለበዓል ቤቱ የገባ ተማሪ አባቱን ደስ ሊያሰኝ ጠመንጃውን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ሲወለውለው፥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረውን ጽሑፍ በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃል።

በእውነተኛ ውጅግራ ላይ፥ እጀታው ካለበት በስተግራ ባለው ብረት ላይ የፋብሪካውን ስም ታገኛለህ። ብዙውን ጊዜ ሴንት ኤትየን ይላል፤ ሻቴልሮ ወይም ቱል የሚልም አለ። ሦስቱም በፈረንሳይ መንግሥት ሥር የነበሩ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ናቸው። ከስሙ ጋር 1874 የሚል ቁጥር ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ይህ ቁጥር ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ የሞዴሉ ስም ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የተሠሩት ሁሉ ይህንኑ 1874 ይዘዋል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ 80 የሚል ይጨመርበታል፤ ይኸውም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1880 የወጣውን ማሻሻያ የሚያመለክት ነው።

እውነተኛውን የልደት ዓመት የምታገኘው በአፈሙዙ ቧንቧ ሥር በስተቀኝ ነው። እዚያ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ታያለህ፤ ለምሳሌ ኤስ የሚለው የላቲን ፊደልና 1878። ፊደሉ የፋብሪካው ምልክት ነው፥ ኤስ ሴንት ኤትየን ማለት ነው፤ ቁጥሩ ቧንቧው የተሠራበት ዓመት ነው።

ዳሩ ግን ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ የአውሮጳ አቆጣጠር ነው። 1878 የሚለው በእኛ 1870 ወይም 1871 ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል ትላለህ፤ ነገር ግን ከብረት ላይ 1888 የሚል ቁጥር ያነበበ ሰው «ይኸው! የዐድዋ ዓመት ተጽፎበታል» ብሎ ቢፎክር ምን ትለዋለህ? የኛ 1888 የዐድዋ ዓመት ነው፤ በጠመንጃው ላይ ያለው 1888 ግን በኛ 1880 ወይም 1881 ነው፥ ክፉ ቀን የተባለው የረኀብ ዘመን በአገሩ ላይ የወደቀበት ጊዜ ነው። የአውሮጳ ፋብሪካ ዐድዋን ቀድሞ አልተነበየም።

ረምንግተን ካገኘህ ደግሞ ከመምቻው በስተኋላ ባለው ብረት ላይ ኢልየን፥ ኒው ዮርክ የሚልና 1864፥ 1868 የሚሉ ቁጥሮችን ታገኛለህ። እነዚህም የተሠራበት ዓመት አይደሉም፤ ፋብሪካው ፈጠራውን በመንግሥት መዝገብ ያስጻፈባቸው ቀኖች ናቸው። ከዚህ ጋር በቧንቧው ላይ የዐረብ ፊደል ወይም የዐረብ አኃዝ ካየህ ግን ቁጭ ብለህ አስብ፤ ይህ ጠመንጃ ለግብጽ መንግሥት የተሠራ ይሆናል።

ወደ ጎጃም የመጣበት መንገድ

የግብጽ ጠመንጃ ጎጃም ምን ያደርጋል ካልህ፥ ታሪኩ ረዥም ነው። በ1868 ዓ. ም. የግብጹ ከዲቭ እስማኤል ሠራዊት በኅዳር ወር ጉንደት ላይ፥ በየካቲት ወር ደግሞ ጉራ ላይ በዐጼ ዮሐንስ ጦር ድል ሆነ። በነዚህ ሁለት ጦርነቶች በሺህ የሚቆጠር ረምንግተን በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ከዚያ በፊት በ1860 ዓ. ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሣ፥ ማለትም ኋላ ዐጼ ዮሐንስ ለተባሉት፥ መድፍና ብዙ መቶ ጠመንጃ ትተውላቸው ነበር።

በጎጃም በኩል ራስ አዳል በ1873 ዓ. ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ መንቆረር ይባል የነበረውም ከተማቸው ደብረ ማርቆስ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። የጎጃም ጠመንጃ ያን ቀን ወደ ሸዋ ሄደ። ዐጼ ዮሐንስም በሁለቱ መዋጋት ተቆጥተው ምኒልክ የማረኩትን መሣሪያ እንዲያስረክቡ አደረጉ። አየህ፥ አንድ ጠመንጃ በጥቂት ወራት ውስጥ የሦስት ጌቶች ሊሆን ይችላል። በጥር 1880 ዓ. ም. ደግሞ ንጉሡ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል ሆኑ፤ ያን ጊዜም ብዙ መሣሪያ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ስለዚህ «ይህ ጠመንጃ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግምጃ ቤት ነው» የሚል ቤተሰብ ካለ፥ ከእምባቦ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

የውጅግራው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው፤ የመጣው በገበያ ነው። በ1879 ዓ. ም. ገደማ ፈረንሳዮች ለበንን ሠሩ። ለበን ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስና በአንድ ጊዜ ብዙ ጥይት የሚጎርስ ስለ ነበረ ውጅግራ በአንድ ጊዜ አረጀ። በየፈረንሳዩ ግምጃ ቤት የተከመረው ውጅግራ ሁሉ ገዥ የሚፈልግ ዕቃ ሆነ። ነጋዴዎችም ገዝተው በታጁራ፥ በኦቦክና ኋላም በጅቡቲ አድርገው ወደ ሸዋ በግመል ጫኑት። ከነዚያ ነጋዴዎች አንዱ አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። ግጥሙን ገና በወጣትነቱ ትቶ በ1879 ዓ. ም. ወደ 2,000 የሚሆን አሮጌ ጠመንጃ ይዞ በአፋር በረሐ አድርጎ ሸዋ ገባ። እርሱ ያመጣው ግን ውጅግራ እንኳ አልነበረም፤ ከዚያ የሚያንስ በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ከንግዱም የተመኘውን ትርፍ አላገኘበትም። ከቅኔው ይልቅ ንግዱ የከበደው ሰው ይመስለኛል።

«ከዐድዋ የመጣ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ለዚህ ነው።

ቤተሰቡ «ቅድመ አያታችን በዐድዋ ማርኮ ያመጣው ውጅግራ ነው» ይላል እንበል። ጠመንጃውን አየኸው፤ ሴንት ኤትየን፥ 1878 ይላል፤ በእርግጥ ውጅግራ ነው። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ የተሰለፈው የኢጣልያ ጦር የያዘው ውጅግራ አልነበረም። በብዛት የያዘው ቬተርሊ የሚባለውን የኢጣልያ ጠመንጃ ነው። ውጅግራ የያዙት የእኛዎቹ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ጠመንጃ በዚያ ቀን ከጠላት እጅ የተማረከ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ ሽማግሌው ዋሹ ማለት ነው? እኔ እንዲህ አልልም። «የዐድዋ ጠመንጃ» የሚለው አነጋገር ሁለት ፍቺ አለው፤ ከዐድዋ የተማረከ ማለት ይሆናል፥ ዐድዋ የዘመተ ማለትም ይሆናል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ዐድዋ ዘምተዋል። ቅድመ አያትህ ይህንኑ ውጅግራ ተሸክሞ ከጎጃም ትግሬ ድረስ በእግሩ ሄዶ ቢመለስ፥ ልጁ «ከዐድዋ የመጣ» ቢለው እውነት ነው። የልጅ ልጁ «ማርኮ ያመጣው» ሲለው ግን አንዲት ቃል ተጨመረች። ታሪኩ የተበላሸው በዚያች ቃል ብቻ ነው፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በኔ አስተያየት ያን ከባድ ጠመንጃ በትከሻው ይዞ ያን ሁሉ መንገድ የሄደ ሰው፥ ከወደቀ ጠላት ላይ አንሥቶ ከወሰደው ሰው አያንስም። ውጅግራ ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው፤ ጥይቱም የጣት ያህል ነው።

በአንጻሩ ቤታችሁ ያለው ቬተርሊ ቢሆንስ? በላዩ ብሬሻ፥ ቶሪኖ፥ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዝያታ የሚል የከተማ ስምና ዓመተ ምሕረት ታገኛለህ። ከሆዱ ሥር ጥይት የሚቀመጥበት ሣጥን ካለው በአውሮጳ 1887 የተጀመረው ማሻሻያ የተደረገለት ነው። ይህ ከዐድዋ የተማረከ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቶሎ አትማል፤ ኢጣልያ ከጦርነቱ በፊት ለምኒልክ ወዳጅ በነበረችበት ጊዜ ራሷ መሣሪያ ትሰጥ ነበር። በጥቅምት 1880 ዓ. ም. በተደረገው ውል ብቻ 5,000 ረምንግተን ለመስጠት ቃል ገብታለች። እንግዲህ ብረቱ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ይልሃል እንጂ «ሆኗል» አይልህም።

ያምስቱ ዘመን ጠመንጃ

ከዐድዋ ይልቅ በጎጃም ቤቶች ውስጥ የበዛው የጠላት ወረራ ዘመን ጠመንጃ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፥ እነ መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ነጋሽ በዛብህ፥ እነ ኃይሉ በለው ሲዋጉ መሣሪያቸውን ያበዙት ከጠላት በሚማርኩት ነው። የዚህ ዘመን የኢጣልያ ጠመንጃ ካርካኖ ይባላል፤ ቀጭን ነው፥ ስድስት ጥይት በአንድ ጊዜ ይጎርሳል።

የካርካኖን ዕድሜ ማወቅ እጅግ ቀላል ነው። በቧንቧው ሥር የከተማው ስም፥ ዓመቱ፥ ብዙ ጊዜም ከዓመቱ አጠገብ በሮማውያን ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለ። ይህ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ. ም. ይጀምራል። ቁጥሩ ላይ 1914 ብትደምር በእኛ አቆጣጠር የጀመረበትን ዓመት ታገኛለህ። ለምሳሌ የሮማውያን 14 ቢል፥ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ. ም. የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ጠመንጃ «የዐድዋ» የሚል ቤተሰብ ካለ፥ ጠመንጃው ከዐድዋ አርባ ዓመት በኋላ ተወልዷልና ሁለት አባቶች አንድ ሆነው ተቆጥረዋል ማለት ነው። አያትየው አርበኛ ነበሩ፥ የእሳቸው አባት ደግሞ የዐድዋ ዘማች ነበሩ፤ የልጅ ልጆች የሁለቱን ጀብድ ለአንዱ ሰጡት። ጠመንጃው ባይኖር ይህ ስሕተት አይታወቅም ነበር፤ ስሕተቱ ሲታረም ደግሞ የተረሳው አያት ከነጀብዱ ተመልሶ ይመጣል።

በላዩ ዘውድና የእንግሊዝ ፊደል ያለበት ጠመንጃ፥ ዓመቱም ከሰደፉ አጠገብ በቀኝ በኩል ባለው ብረት ላይ የተጻፈበት፥ ኤንፊልድ የሚባለው ነው። የዚህም ልደትና አመጣጥ ይራራቃል። በላዩ 1916 ቢል የተሠራው በኛ በ1908 ወይም በ1909 ለፊተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ጎጃም የገባው ግን ምናልባት በ1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር ከሱዳን ድንበሩን ሲሻገሩ፥ ከኮሎኔል ዊንጌት የጌድዮን ጦር ጋር ነው። ያ ጦር ዕቃውን የጫነው በግመል ነበር፤ ግመሎቹ የጎጃምን ደጋ ብርድና አቀበት አልቻሉም፥ ወደ 15,000 ያህሉ በመንገድ አለቁ። ከመንገድ የወደቀ ጭነት የማን ቤት እንደ ገባ የጎጃም ሰው ያውቃል።

የአንበሳ ምልክት ያለበት ሞዘር ካገኘህ ደግሞ ያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ታዝዞ የተሠራ ነው፥ ከወረራው ጥቂት ዓመታት በፊት። እርሱን በደንብ ያዘው።

ሁለት አፍ ያለው

አንዳንድ ቤት የጦር ሳይሆን የአደን ጠመንጃ ይገኛል፤ ባለ ሁለት አፍ፥ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትነው። ይህኛው ሞዴል የሚባል የመንግሥት ስም ስለሌለው ሰዎች ተስፋ ይቆርጡበታል። ነገር ግን ከጦር ጠመንጃው ይልቅ የሚናገረው ይበዛል፥ ተደብቆ ነው እንጂ። ቧንቧውን ከእንጨቱ አላቅቆ ሆዱን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

እዚያ እንደ እንቁላል ባለ ክብ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ካየህ፥ ጠመንጃው በቤልጅግ አገር በልዬዥ ከተማ በመንግሥት ተፈትኖ ያለፈ ነው። ከክቡ በላይ ዘውድ ካለ ከ1885 ዓ. ም. ወዲህ የተፈተነ ነው፤ ዘውድ ከሌለው ከዚያ የቆየ ነው። በአውሮጳ 1922 ደግሞ ዓመቱን በትንሽ ፊደል ማመልከት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ፊደል የዚያን ዓመት ያመለክታል። የእንግሊዝ ሥራ ከሆነና በእንግሊዝኛ «ለድብልብል ጥይት አይደለም» የሚል ጽሑፍ ካለበት፥ ከ1867 እስከ 1879 ዓ. ም. ባለው ጊዜ የተፈተነ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ቀርቷል።

ቧንቧው ላይ እንደ እባብ ቆዳ ወይም እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መስመር ብታይ ዝገት አይምሰልህ። ደማስቆ የሚባለው ሥራ ነው፤ የብረት ገመዶችን ጠምዝዘው በእሳት አጣብቀው የሠሩት ነው። ያማረ ነው፥ አደገኛም ነው። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለ ሆነ የዛሬ ጥይት ቢጎርስ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለ ውጅግራውም የምነግርህ ይህንኑ ነው፤ ለሠርግም ቢሆን፥ ለቀብርም ቢሆን፥ አይተኮስ።

አንድ ነገር ልጨምር። ውጅግራ መስሎ፥ እጀታውም ያው ሆኖ፥ በቧንቧው ውስጥ ግን እንደ ብሎን የተጠማዘዘ መስመር የሌለው ጠመንጃ አለ። በአውሮጳ የነበሩ ነጋዴዎች ያረጀውን ውጅግራ ገዝተው ቧንቧውን አስፍተውና አለስልሰው የአደን ጠመንጃ አድርገው ይሸጡት ነበር። ስለዚህ ከፋኖስ ፊት አድርገህ ውስጡን ሳታይ አትፍረድ።

ሽማግሌውን መጠየቅ

ብረቱ እስከዚህ ድረስ ነው የሚያደርስህ። የቀረውን አባባን መጠየቅ አለብህ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ትሕትና ያስፈልጋል። በጎጃም የጠመንጃ ነገር ቀላል ወሬ አይደለም። ጣልያን መሣሪያ ሲገፍ ሰው ጠመንጃውን በቅባት በነከረ ቆዳ ጠቅልሎ ቀበረ። በ1960 ዓ. ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም በታወከበት ጊዜ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ተጠራጠረ። ከዚያም በኋላ በመጣ መንግሥት ሁሉ «ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ የመርማሪ ጥያቄ ሆኖ ኖረ። ስለዚህ ሽማግሌ ሲጠየቁ ደኅነኛውን መልስ መስጠት ለምደዋል፤ «ያባቴ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ደብተርና እርሳስ ይዘህ ፊታቸው ብትቀመጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ትመስላቸዋለህ። መጀመሪያ ቡናው ይጠጣ። ስለ ሰውየው ጠይቅ፥ ስለ ጠመንጃው በኋላ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብለህም አትጀምር። እሳቸው የሚቆጥሩት በነገር ነው። ከክፉ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳይሞቱ ነው? እሳቸው በ1893 ዓ. ም. ሞተዋል። ከሰገሌ ዘመቻ በፊት? ያ 1909 ነው። የኅዳር በሽታ ጊዜ ጠመንጃው ቤት ነበረ? እሱ 1911 ነው። ጣልያን ሲገባ የት ተደበቀ፥ ማን ደበቀው? እንዲህ ብለህ በሁለት ነገሮች መካከል ካስገባኸው ዓመቱን ራስህ ታገኘዋለህ። ደግሞም ሴቶቹን ጠይቅ፤ ማን ስንት በሬ ሸጦ እንደ ገዛው፥ ለማን ጥሎሽ እንደ ተሰጠ፥ በማን ቀብር ላይ እንደ ተተኮሰ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት እሜቴ ናቸው። ወንዶቹ የጦርነቱን ያወራሉ፥ እሳቸው የዋጋውን ያውቃሉ።

ከዚያ የሰሙትን ከብረቱ ጋር አስተያይ። ዝገቱ በአንድ ወገን ብቻ በልቶት ከሆነ በዚያ ወገን በመሬት ላይ ተኝቶ ኖሯል፤ «ቀብረነው ነበር» የሚለው ታሪክ ምስክር አገኘ ማለት ነው። ሰደፉ በናስ ሽቦ ወይም በጥሬ ቆዳ ታስሮ እንደ ሆነ መቼ እንደ ተሰበረ ጠይቅ፤ አንድ ውጊያ ከዚያ ይወጣል። በእንጨቱ ላይ የተቀረጸ መስቀል ወይም ፊደል ካለ የቀረጸውን ሰው ስም አትለፍ። የኑዛዜ ወረቀት፥ የቆየ የመሣሪያ ፈቃድ፥ ጠመንጃው የታየበት ፎቶግራፍ ካለ የጠመንጃው ቁጥር ከቧንቧው ቁጥር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ተመልከት፤ ካልተስማማ በመካከል አንድ ጠመንጃ ተለውጧል፥ የመጀመሪያው የት ደረሰ ብለህ እንደ ገና ጀምር።

ያገኘኸውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ወገን ጻፈው። በአንድ ወገን ብረቱ ያለውን፥ በአንድ ወገን ሰዎች ያሉትን ከነተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር፥ በሦስተኛው ወገን አንተ የገመትከውን። እንዳትቀላቅላቸው። በእርሳስ ያተምከውን ወረቀት አብረህ አኑር። አንዱን ቅጂ ለአባትህ ስጥ፥ ሌላውን በሌላ ቤት ለሚኖር ያጎትህ ልጅ ላክ፤ ቤት ይቃጠላል፥ ጠመንጃም ይሸጣል። እሜቴንም ካላገኘሃቸው በሚመጣው በዓል ስትገባ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ዘንድ ጎራ በል።